የበረንዳው መጥበሻ

መልእክቱ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። እዚህ ኖርዌይ የማኅበራችን ሴቶች በሚጻጻፉበት ግሩፕ ላይ «እኅታችን ወለተ ሥላሴ ዐርፋለች፤ ለቅሶው ሞርተንሩድ ቤቷ ነው» ይላል። ወለተ ሥላሴ የምትባል ሴት አላውቅም። ነፍስ ይማር ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩና ትሪውን ከኦቨን አወጣሁ። ቤከኑ፣ የአሳማው ሥጋ፣ ጥሩ ሆኖ ነበር፤ ጠርዙ ቡናማ፣ መሀሉ ገና ለስላሳ። ሁለተኛውን ትሪ አስገባሁ። ምሳ ላይ ስልኬን ስከፍት አንዷ ፎቶ ለጥፋለች። እትዬ ብርቄ ናት፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንደ ልማዷ አፏን ወደ አንድ ጎን አድርጋ።

የክርስትና ስሟን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። መሞቷን አንብቤ፣ ማን እንደሞተ ሳላውቅ፣ እሷ ያስተማረችኝን ቤከን ስጠብስ አረፈድኩ። ያን ቀን የጀመረኝ ግራ መጋባት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

እትዬ ብርቄን ሰው ሁሉ የሚያውቃት በወጧ ነው። የማኅበር ድግስ ሲደርስ ትልቁ ድስት የሷ ነበር። ምስር ብትሠራም ዶሮ ብትሠራም ሰው ሰሃኑን ይዞ ተመልሶ ይመጣል። ወይዘሮ አሰገደች የሚባሉ አሉ፤ ባርነሃገ፣ ማለት ሕፃናት መዋያ፣ የሚሠሩ፤ በማኅበሩ ሁሉም ይፈራቸዋል። ሰው ቤት ሲጋበዙ ምን በምን እንደተሠራ፣ ድስቱ የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ አይቀርቡም። እሳቸው እንኳ የብርቄን ወጥ ሳይጠይቁ ይበሉ ነበር።

እሷ ግን ስለ ድሮ ሥራዋ ሲነሣ አትወድም ነበር። ሴንትሩም፣ መሀል ከተማው ላይ፣ አንድ ሆቴል ቁርስ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታ፣ ወገቧ ሲበላሽ እንደተወችው ትናገራለች። እዚያ ምን ስትጠብስ እንደኖረች አትናገርም። ሴቶቹም አይጠይቋትም።

እኔ ከመሞቷ አንድ ዓመት ገደማ በፊት ብሪን የሚባል ሰፈር አንድ የመሥሪያ ቤት ካንቲን ውስጥ ፕራክሲስ ላይ ነበርኩ። ሦስት ወር በሙከራ ትሠሪያለሽ፤ አለቃዋ ከወደደችሽ ትቀጠሪያለሽ፤ ካልወደደችሽ ወደ ሌላ ቦታ ትላኪያለሽ። ከዚያ በፊት ሁለት ቦታ ሳይወዱኝ ቀርተዋል። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ቋንቋው ይከብደኛል፤ ከቋንቋው ደግሞ ሰው ፊት መናገር ይብስብኛል። ስለዚህ የሚሉኝን ሳይጨርሱ «ጃ»፣ አዎ፣ እላለሁ፤ ከዚያ ያልገባኝን ነገር እሠራለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አለቃዬ አንድ ካርቶን ቤከን ሰጥታ ጥበሺ አለችኝ። ጃ አልኳት።

ሥጋ ሳይታጠብ እሳት ላይ ሲወጣ በሕይወቴ አላየሁም። እያንዳንዷን ቁራጭ ለይቼ አጠብኩ። ሎሚ ቆርጬ በጨው አሸሁት፤ እንደ ዶሮ ብልት ሦስት ጊዜ ውሃ ለወጥኩለት። አለቃዬ ስትመለስ ገንዳው በቀጫጭን ነጭ ሥጋ ተሞልቶ ሎሚዎቹ ላዩ ላይ ይንሳፈፋሉ። ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቤትሽ ተለማመጂ ብላኝ ሄደች።

ቤቴ ግን የሰው ቤት ነው። አንድ ክፍል ያከራዩኝ ባልና ሚስት የኛው ሰዎች ናቸው፤ በአንድ ወጥ ቤት ነው የምንጠቀመው። የአሳማ ሥጋ ይዤ ብገባ ሻንጣዬን ይዤ እንደምወጣ አውቃለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰሃን ሳጥብ እትዬ ብርቄ አጠገቤ ቆማ ታደርቅ ነበር። ምን ሆነሻል አለችኝ። የቧንቧው ድምፅ ይሸፍነኛል ብዬ ነገርኳት።

«አጠብሽው?» አለች።

«ጃ።»

«በምን?»

«በሎሚና በጨው።»

ሰሃኑን አስቀምጣ ገንዳውን በሁለት እጇ ያዘች። ወገቧ የተነሣባት መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነበር። ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ግራ ቀኝ አየችና «እኔ ሳምንት ሙሉ አጥቤዋለሁ። የነገረኝም የለም፤ ሰሃኑ ብቻ እንደሄደ ይመለስ ነበር» አለችኝ። ቅዳሜ እንድመጣ ነግራኝ ሌላ ሰሃን አነሣች።

ቅዳሜ ሄድኩ። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በር ላይ እንደምን ዋሉ ስላት፣ እዚህ አገር ሚኒስትሩንም አንተ ነው የሚሉት፣ እኔን አታስረጂኝ አለች። ከዚያ ወዲህ አንቺ እላታለሁ፤ እትዬ ማለቱን ግን አልተውኩም። ወደ በረንዳው ወጥታ ከጥግ አንድ ሰማያዊ ከረጢት ጎትታ አመጣች። ውስጡ ከባድ ጥቁር መጥበሻ፣ መቆንጠጫ፣ ሁለት ሰሃንና አንድ ስፖንጅ አለ። እነዚህ ዕቃዎች ከወጥ ዕቃዎቿ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አርፈው አያውቁም። የሚታጠቡትም ወጥ ቤት ሳይሆን መታጠቢያ ክፍል፣ በባልዲ ነው። መስኮቱን ከፈተች። በአንዱ ምድጃ ላይ ሽንኩርት ማቁላላት ጀመረች፤ ድንገት ሰው ቢመጣ የሚሸተው ሽንኩርት እንዲሆን ነው። መቆንጠጫውን በግራ እጇ ያዘች። ግራኝ መስላኝ ነበር። ቀኜ የምበላበት ነው አለችኝ።

ከዚያ ዞር ብላ ፊቴን አየች።

«ይሄ ነገር ከዚህ ቤት ከወጣ ከእጄ የሚበላ ሰው አይኖርም። ገባሽ?»

ጃ አልኩ። ያን ጊዜ በትክክል ገብቶኝ ነበር። ያልገባኝ ለምን ለኔ ብላ ይህን እንደምታደርግ ነው። ዘመዷ አይደለሁም። ከሰላምታ በላይ አውርተን አናውቅም። ልጠይቃት አስቤ፣ መጥበሻውን ስታነሣ ተውኩት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ በቀዝቃዛ መጥበሻ ጀመርን። እኔ መጥበሻ ሳይግል ምንም ነገር አይገባበትም ብዬ ነው ያደግሁት። እሷ ቁራጮቹን በቀዝቃዛው ብረት ላይ አስደረደረችኝና እሳቱን ዝቅ አድርጌ እንድለኩስ አዘዘችኝ። ስቡ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት፤ የጋለ ብረት ከነካው ይጠቀለላል፣ ጫፉ ሲያርር መሀሉ ጥሬ ይቀራል። በሚቀጥለው ሳምንት መጥበሻው ላይ ትንሽ ውሃ አስጨመረችኝ። ውሃው ፈልቶ እስኪያልቅ ስቡ ይቀልጣል፤ ከዚያ ሥጋው በራሱ ስብ ይጠበሳል፤ ወጥ ቤቱም ላይ ብዙ አይረጭም። ኦቨኑ ለብዙ ሰው ነው፤ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ ሳይደራረብ ዘርግተሽ ሳታገላብጪ ትተይዋለሽ። ማይክሮዌቩን አንድ ጊዜ ብቻ አሳየችኝ፤ በሁለት የወጥ ቤት ወረቀት መሀል አድርጋ፣ ፊቷን አጥቁራ። «ይሄ የብቸኛ ሰው ነው። አንቺ አትሥሪው» አለችኝ። እሷም ብቻዋን ነበር የምትኖረው። ያኔ ይህን አላሰብኩም።

ከሁሉም በላይ ጆሮዬን ነው ያስተማረችኝ። ዓይኔን አስጨፍና ምድጃው አጠገብ ታቆመኛለች። መጀመሪያ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። ውሃው ሲያልቅ ዝናቡ ያባራል፤ ቀጭን ሹክሹክታ ይቀራል፤ ነጭ አረፋ ይነሣል። ያኔ አውጪ ትለኛለች። ገና ነው ብዬ ከዘገየሁ ክንዴን በክርኗ ትነካኛለች። ሰሃን ላይ ወጥቶም እንደሚበስል፣ እሳት ላይ የደረቀ ግን እንደማይመለስ የገባኝ ብዙ አሳርሬ ነው።

አለቃዬ ሁልጊዜ ቅመሺ እንደምትለኝና እንደማልቀምስ ነገርኳት። አትቅመሺ አለችኝ፤ ኦድቫር ይቀምስልናል። ኦድቫር ከታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ኖርዌጂያዊ ነው። እትዬ ብርቄ የጠበስኩትን በወረቀት ሸፍና ራሷ ይዛ ትወርዳለች። እኔ ሽንኩርቱን እያማሰልኩ እጠብቃለሁ። አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሩብ ሰዓት ትቆያለች። ባዶ ሰሃን ይዛ ትመለስና የኦድቫርን ቃል ትነግረኛለች። ጫፉ እንደ ጎማ ነው ብሏል። ዛሬ ደህና ነው ብሏል፣ ግን ትንሽ ቀድመሽ አውጥተሻል። አንድ ጊዜ ከሙሉው ላይ የተቆረጠ ወፍራም ቤከን ጠብሼ ነበር።

«ጨው በዝቶበታል ይላል» አለችኝ። «ከመጥበስሽ በፊት ሩብ ሰዓት ውሃ ውስጥ አቆይው። እጠቢው ግን አላልኩሽም።»

ትከሻዋ እንደገና ተንቀጠቀጠ።

ኦድቫርን አናግሬው አላውቅም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ጭንቅላቱን ዝቅ ያደርግልኛል፤ እኔም ዝቅ አደርጋለሁ። ግን እንደ አስተማሪዬ አየው ነበር። ሌሊት ተነሥቶ ሲሠራ የኖረ ሰው ይመስላል፤ ረጅም ነው፣ እጁ ትልቅ ነው። እሱ «ደህና ነው» ያለ ቀን ባቡር ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ እላለሁ።

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ አለቃዬ ከትሪዬ አንድ ቁራጭ አንሥታ ቆማ አኘከች። ሁለተኛ አነሣች። ከሰዓት በኋላ የቅጥር ወረቀት አስፈረመችኝ። ልነግራት ወደ ሞርተንሩድ ስሄድ እትዬ ብርቄ ከረጢቱን ወደ በረንዳው ጥግ እየገፋችው ነበር። በቃ አለች። ምሳ አቀረበችልኝ። ጊዜው ጸደይ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፣ ሰሃን አብረን እናጥባለን፤ ስለ ቤከን ግን አላነሣንም። ቤቷ መሄዴም ቀስ በቀስ ቀረ። ፈረቃዬ ተለወጠ፣ ደከመኝ፣ ሌላ ሳምንት እያልኩ የበረዶው ክረምት ገባ። በደንብ አላመሰገንኳትም።

ልቧ ነው አሉ። ዘመድ አልነበራትምና ለቅሶውን የያዙት የማኅበሩ ሴቶች ናቸው። ቤቷ ስደርስ ወጥ ቤቱ ሞልቷል፤ ለሚመጣው ሰው ምስር ሊሠራ የብርቄ ትልቁ ድስት ተጥዷል። እኔ ጥግ ይዤ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። የወይዘሮ አሰገደች የእኅት ልጅ ሊያ፣ እዚሁ የተወለደች ተማሪ ናት፣ በርበሬ ልትፈልግ ፍሪዘሩን ከፈተች።

«ዴተ ኤር ጁ ቤከን» አለች፤ ይሄ እኮ ቤከን ነው ማለቷ ነው። ድምጿን አልቀነሰችም። ለሷ ምንም አልነበረም።

ሦስት እሽግ ነው። አንዱ ተከፍቶ ከግማሹ በላይ ጎድሏል። ወዲያው ሌላዋ ከበረንዳው ከረጢቱን አመጣችና መጥበሻው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ድስቱን ስታማስል የነበረችው ሴት ማማሰያውን አስቀምጣ እጇን በሶፍት ጠረገች። አንዷ ከቤቴ ድስት ላምጣ አለች። አንዷ ደግሞ ስንት ዓመት በልተናል አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር።

ምን መባል እንዳለበት ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ግን ከዚህ ቤት አይወጣም ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ዝም ካልኩ ተደብቃ ስትበላ የኖረች ትሆናለች። ከተናገርኩ ቃሌን አፈርሳለሁ፤ እነዚህም ሴቶች እኔ በየቀኑ ምን እንደምነካ ያውቃሉ፤ ያከራዩኝም ይሰማሉ። አንድ መውጫ ታየኝ። የኦድቫር ነው እላለሁ፤ ለጎረቤቷ ነበር የምትጠብሰው እላለሁ። ውሸትም አይደለም ብዬ አሰብኩ።

አፌን ሳልከፍት በሩ ተንኳኳ። ኦድቫር ራሱ ነው፤ አበባ ይዞ። ሊያ አበባውን ተቀብላ፣ ሥጋው ያንተ ነው ወይ ብላ በኖርዌጂኛ ጠየቀችው። አይደለም አለ። ልቤን ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ ጀምሮ ጨው ያለበት ሥጋ ሐኪም ከልክሎኛል፣ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል አለ። አንዱም ቃል አላመለጠኝም። እኔን አይቶ እንደ ወትሮው ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች አጠገቤ ትቀመጥ ነበር፣ ጥሩ ጎረቤት ነበረች ብሎ ሄደ። ሰሃኑስ ብዬ ልጠይቀው ፈለግሁ። ቃሉ አልመጣልኝም።

ታዲያ ጎማ ነው ያለው ማን ነው? ጨው በዝቶበታል ያለውስ? የሥጋ ጨው በዓይን ይታያል? በድምፅ ይሰማል? አሥራ ስምንት ዓመት የጠበሰ ሰው ሳይቀምስ ያውቅ ይሆናል። ላያውቅም ይችላል። ሽንኩርቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ወይዘሮ አሰገደች አንዱን እሽግ አንሥተው አገላበጡት። እኔም ከጎናቸው ሆኜ አየሁት። የማብቂያው ቀን ገና አልደረሰም። እኔ ስማር የተገዛ ቢሆን ኖሮ ካለፈ ወራት ይሆነው ነበር። ይሄ አሁን በክረምቱ የተገዛ ነው። ለማን? ሌላ የምታስተምራት ልጅ ነበረች? ወይስ እኔ የማልፈልገውን ነገር እያሰብኩ ነው?

«የሚያውቅ ካለ ይናገር» አሉ ወይዘሮ አሰገደች።

«የኔ ነው» አልኩ።

ብዙዎቹ ድምፄን ሰምተው አያውቁም። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ብሪን ካንቲን እንደምሠራ፣ ቤከን እንዳጠብኩ፣ እትዬ ብርቄ እንዳስተማረችኝ፣ መጥበሻው ከወጥ ዕቃ ጋር ተገናኝቶ እንደማያውቅ፣ በባልዲ እንደሚታጠብ፣ መቆንጠጫውንም በግራ እጇ ብቻ ትይዘው እንደነበር እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። ሎሚው ላይ ስደርስ አንዷ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

«እሷስ ትቀምስ ነበር?» አሉ ወይዘሮ አሰገደች።

«ስትቀምስ አላየሁም።»

እውነት ነው። ከዚያ በላይ የማውቀው እውነት አልነበረኝም። እሽጎቹን አንድ ላይ በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ። የኔ ነው ብያለሁና ተቀበልኩ።

«ድስቱን አውርጂና እጠቢው» አሉኝ። «ከዚያ ምስሩን ጣዱ። ሰው እየመጣ ነው።»

ድስቱን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ምግቡ ሲቀርብ ግድግዳ ተደግፌ የእያንዳንዱን ሰው እጅ አየሁ። ሁለት ሴቶች ሥራ አለን ብለው ሳይቀምሱ ወጡ። አንዷ እንጀራውን ብቻ እየቆረሰች ወጡን ዳር ገፋችው። ወይዘሮ አሰገደች መጀመሪያ አስጨለፉ፤ የድስቱን ነገር ሳይጠይቁ በሉ፤ ተነሥተውም ራሳቸው ደገሙ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ተከተሉ። ድስቱ ባዶ ሆነ።

ስንበተን ወይዘሮ አሰገደችና እኔ አንድ ባቡር ገጠመን። አጠገቤ ተቀመጡ። የጠቀለሉልኝ ሥጋ ጭኔ ላይ ነው፤ መቅለጥ ጀምሯል። ሁለት ፌርማታ አለፍን።

«እሽጉ ላይ ያለውን ቀን አይቼዋለሁ» አሉኝ።

ጥቅሉን ወደ ጎን ሸሸግ አደረግሁት። ወደ መስኮቱ እያዩ ስለ ሥራቸው ነገሩኝ። ባርነሃገው ውስጥ በየቀኑ ለልጆቹ ዳቦ ላይ ሌቨርፖስታይ ይቀባሉ፤ ከአሳማ ጉበት የሚሠራ ነው። ጓንት አድርገው ይቀባሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ዓመታቸውን እንዲሁ ነው የኖሩት። አንድ ቀን ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ ከዳቦው ላይ በጣቱ ቆርሶ ወደ አፋቸው አመጣ።

«አጎረሰኝ እኮ» አሉ። «እኔ አላስተማርኩት፣ እናቱ ፈረንጅ ናት፣ ከየት አመጣው? ያውም በሑዳዴ።»

«ተፉት?» አልኳቸው።

«የሕፃን ጉርሻ ይተፋል?»

ለንስሐ አባታቸውም እንዳልነገሩ፣ ለምን ለኔ እንደነገሩኝ እንደማያውቁ ነገሩኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ስለ እትዬ ብርቄ ሌላ ቃል አልጨመሩም። አንዱ ነገር ገባኝ ስል ሌላው ይጠፋብኛል። ይቅር ብለዋት ይሆን፣ ወይስ ይቅር የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረም? የሳቸው ፌርማታ ሊደርስ ነው። እኔ ሰው የማልጠይቅ ሰው ነኝ። ግን ጠየቅኋቸው።

«ምን ምን ይላል?»

ብድግ ብለው የባቡሩን ብረት ያዙ። ግራ ቀኝ አዩ። ኖርዌጂያኖቹ ሁሉ ስልካቸው ላይ ናቸው።

«ይጥማል» አሉኝና ወረዱ።